የዳኛዋ ቅዳሜ

ላውንደሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ዳኛዋ» ነው የምትባለው። ችሎት የገባችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ባሏ ሊፈታት የከሰሳት ዕለት። ማዕረጉን ያገኘችው የካውያ ጠረጴዛ ተደግፋ፣ በጥንት ዘመን ተገደሉ የተባሉ፣ ከነጭራሹም ያልተፈጠሩ ሰዎችን ማን እንደገደላቸው እየለየች ነው። ሰው መቼስ በየት በኩል እንደሚሾም አይታወቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ርክክቡ ጋብ ሲልና ማጠቢያ ማሽኖቹ ድምፃቸውን ሲቀንሱ፣ ጓደኛዋ የተደፋ የልብስ ቅርጫት ላይ ቁጭ ትልና መጽሐፍ ታነባለች። ዳኛዋ የራሷንም የጓደኛዋንም ድርሻ እየተኮሰች ትሰማለች። ጓደኛዋን ሁሉም «አንባቢዋ» ይሏታል። ባላባት ስትሆን ትኮሳተራለች፣ አሽከር ስትሆን ትሽቆጠቆጣለች፤ ሬሳው የተገኘበት ገጽ ላይ ስትደርስ ደግሞ ድምጿን ዝቅ ታደርገዋለች፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ዘንድ ያለው አጣቢ ሳይቀር ውሃውን ይዘጋል። አጣቢው መጽሐፍ እንደማይወድ በየቀኑ ይናገራል። ማን ገደለው ብሎ ሳይጠይቅ ግን ወደ ቤቱ ገብቶ አያውቅም።

የሚያነቡት ዓይነት አንድ ነው። የፍቅር መጽሐፍ አይነኩም፤ ፍቅርንማ ከየኮሌታው ላይ ሊፕስቲክ እያስለቀቁ ጠግበውታል። የዛሬ ዘመን ወንጀልም አይጥማቸውም፤ እዚያ ገዳዩን የሚይዘው ካሜራና ላቦራቶሪ ነው፤ ሰው ምን ሠራ ታዲያ? የእነሱ ልብ ያለው ድሮ ነው። ንጉሥና ሹማምንት፣ በግንብ የታጠረ ከተማ፣ አንድ ሬሳ፣ ከዚያም ማንም ሳይሾመው ነገር ውስጥ ጥልቅ የሚል አንድ ተራ ሰው። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ሻማ ሠሪዋን ነው። ይቺ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ለቤት እየዞረች ሻማ ትሸጣለች፤ መጻሕፍቷ ብዙ ናቸው፤ በየመጽሐፉም ሰው ይሞትባታል። ሻማ የማያስፈልገው ቤት ስለሌለ የማትገባበት ቤት የለም። ጌቶቹ ምስጢር ሲያወሩ መኖሯንም ልብ አይሏትም። እሷ ግን ሻማው የቱ ጋ ደርሶ እንደጠፋ አይታ፣ ሰውየው መቼ ክፍሉን ጥሎ እንደወጣ ታውቃለች።

ሁለቱ ሴቶች ይቺን ሻማ ሠሪ ዘመድ አድርገዋታል። አይፈረድባቸውም። ሰው ልብሱን ላውንደሪ ሲሰጥ ምስጢሩን ቤቱ ያስቀረ ይመስለዋል። የትኛው ደንበኛ ከሥራ እንደተባረረ፣ የትኛዋ እንዳረገዘች፣ የትኛው «ስብሰባ ነኝ» ብሎ ሣር ላይ ሲንከባለል እንደዋለ፣ እነሱ ከኪስና ከእጅጌ ያነቡታል። «እኛ በዚያ ዘመን ብንኖር እኮ» ትላለች ዳኛዋ፣ «ንጉሡ ራሱ ደጅ ይጠናን ነበር።» አንባቢዋን ደግሞ የሚመቻት የሟቾቹ ነገር ነው። «አንጀት አይበሉም» ትላለች፤ «ባይገደሉም እኮ እስካሁን አይቆዩም ነበር።»

ሥርዓትም አላቸው። ንባቡ መጨረሻው ምዕራፍ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከማስጫው ገመድ ላይ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይነሣና የቀሩት ገጾች አንድ ላይ ይቆነጠጣሉ። በዚያ ሌሊት መጽሐፉን ወደ ቤት የሚወስደው የለም፤ የሳሙናው መደርደሪያ ላይ ያድራል። በማግስቱ ሻይ ሰዓት ላይ እያንዳንዷ ገዳዩን ትጠራለች፤ ይህም «ፍርድ» ይባላል። ምክንያት የሌለው ፍርድ ፍርድ አይደለም። ከዚያ መቆንጠጫው ይነሣና መጨረሻው ይነበባል። ፍርዷ የቀናላት ቀጣዩን መጽሐፍ ትመርጣለች። ቅዳሜ ሥራ እኩለ ቀን ላይ ሲያበቃ አሸናፊዋና አንባቢዋ፣ ሁለቱ ብቻ፣ ድልድዩ ሥር ወዳለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ይሄዳሉ። መጽሐፍ ያገላብጣሉ፣ ከሻጩ ጋር ይጨቃጨቃሉ፣ ሻይ በብስኩት ይጠጣሉ፣ ቀኑ ሲመሽ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። አሸናፊዋ ለብዙ ዓመታት አንዲት ሴት ብቻ ስለነበረች ቅዳሜ የዳኛዋ ርስት ሆኖ ኖረ።

ዳኛዋ ያልደረሰችበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። የሰው ሁሉ ኮሌታ ስታነብ የኖረች ሴት፣ የባሏን ሸሚዝ በገዛ እጇ እያጠበች ምንም አላየችም። ጥሏት የሄደው ከደንበኛቸው ጋር ነው፤ ያቺ ሴት አብራው የወጣችበትን ቀሚስ እንኳ የተኮሰችው እሷው ዳኛዋ ናት። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ሲመክራት አንባቢዋ አልመከረችም። አንድ የተቦጫጨቀ መጽሐፍ ይዛ መጣች፣ ቅርጫቱን ደፋች፣ ማንበብ ጀመረች። ዳኛዋ በዚያ ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ ግን የመጽሐፉ ገዳይ ሐኪሙ መሆኑን ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። አንድ ልጇ ከዚያ ወዲህ ተድራ ርቃ ሄደች፤ ትደውላለች፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ ትዘጋለች። ዳኛዋ የእኔ የምትለው ሰው ማን ነው ቢሏት አንባቢዋ፣ የእኔ የምትለው ቀን የቱ ነው ቢሏት ቅዳሜ ነው።

አዲሷ የመጣችው ሆቴሉ አንሶላውን ለላውንደሪው መስጠት ሲጀምርና ሥራው ሲበዛ ነው። የልጆች እናት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ። ሁለቱንም «እትዬ» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ዝም ብላ እየተኮሰች ትሰማ ነበር። ዳኛዋም ወደደቻት፤ አስተማሪ ሆና ገዳይ እንዴት እንደሚያዝ ታብራራላት ጀመር። «ገዳይ ሁልጊዜ የሚያዘው» አለቻት፣ «ማወቅ የማይገባውን ነገር ሲያውቅ ነው። ጆሮሽን አፉ ላይ አድርጊ።» አዲሷ ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ አንድ ቀን ሻይ ላይ «እኔም ፍርድ ልስጥ?» አለች።

ሰጠችም፤ ቀናትም። ዳኛዋ ሳቀች፤ የጀማሪ ዕድል ነው ብላ። በሚቀጥለው መጽሐፍ ደገመችው። ዳኛዋ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ከጥርሷ አላለፈም። በሦስተኛው ስትደግመው ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። የልጅቱ ዘዴ ደግሞ ሲያዩት ቀላል ነው፤ «ማንም ምንም ያልጠየቀው ማንን ነው?» ትላለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ያንን ሰው ትጠራለች። ዳኛዋ ያን ያህል ዘመን ስታነብ ይህቺ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለቻትም። አንጀቷን ያሳረረው ይሄ ነው።

ቅዳሜም ሄደ። ዳኛዋ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ሁለቱ ጎን ለጎን መንገዱን ሲሻገሩ አየች። አንባቢዋ እየሳቀች የአዲሷን ትከሻ መታ ስታደርግ አየች። ያን ትከሻ መታ የማድረግ ነገር ዳኛዋ የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እሷ ግን ስም ስትፈልግለት ሰነበተች። ራስ ምታት ነው አለች። ካውያው አስቸግሮኛል አለች፤ በዘመኗ ያላደረገችውንም የደንበኛ ሸሚዝ አሳረረች። የአዲሷን ሥራ እያነሣች አንሶላውን በብርሃን ፊት ዘርግታ ጉድለት ፈለገችበት፤ ምንም ስታጣበት የባሰ ተናደደች። በመጨረሻ አጣቢውን ጥግ አስይዛ «ይቺ ልጅ መጽሐፉን ቀድማ እያነበበች ነው» አለችው።

«ቀድማ ካነበበችው ለምን ቁጭ ብላ ትሰማዋለች?» አለ አጣቢው።

«አንተ ደግሞ ሳሙናህን ጠብቅ» አለችውና ሄደች።

አዲሷ የመረጠችው መጽሐፍ የሻማ ሠሪዋ ነበር፤ ምርጫው እንኳ ጥሩ መሆኑ አበሸቃት። የንጉሡ ግምጃ ቤት ሹም ከራት በኋላ መርዝ ጠጥቶ ሞቶ ይገኛል። ታናሽ ወንድሙ ርስት ይፈልጋል፤ ወጣት ሚስቱ ሌላ ሰው ትወዳለች፤ የማደጎ ልጁን ሊያባርረው ዝቷል፤ በር ጠባቂው ከውጭ የገባ ሰው የለም ብሎ ይምላል። ዳኛዋ በሕይወቷ እንደዚያ ጆሮዋን አቁማ ሰምታ አታውቅም፤ እያንዳንዱን ጽዋ፣ እያንዳንዱን ሻማ ይዛለች። መቆንጠጫው የተቆነጠጠ ዕለት ግን አእምሮዋ ባዶ ነበር። ወንድምየው ነው ስትል ሚስትየዋ ትመጣባታለች፣ ሚስትየዋ ናት ስትል ወንድምየው። ይህም ካመለጣት መጪው ቅዳሜም መስታወት ጀርባ ሊያልፍ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም።

«የሆቴሉን አንሶላ ልጨርስና እዘጋለሁ» አለቻቸው። አንባቢዋና አዲሷ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ።

መጽሐፉ የሳሙናው መደርደሪያ ላይ ነው። አንድ አንሶላ ተኮሰች። ዳኛ ማስረጃ ማየት መብቷ ነው ስትል አሰበች። ሌላ አንሶላ አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ደግሞስ ያቺ ልጅ አላየችም ብሎ ማን ይምላል? ካውያውን ነቅላ ወደ መደርደሪያው ሄደች፣ መቆንጠጫውን አነሣች፣ ቆማ ማንበብ ጀመረች። በር ጠባቂው ሻማ ሠሪዋ እግር ላይ ወድቋል። «የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሹሙ ሊያባርረው የነበረው የማደጎ ልጅ የበር ጠባቂው የአብራኩ ክፋይ ነው፤ በችግር ዘመን አሳልፎ ሰጥቶ፣ ልጁን በሩቁ እያየ ለመኖር ብቻ በር ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ። ዳኛዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ገጹን ልትገልጥ ስትል በሩ ተንኳኳ፤ መጽሐፉን ዘጋች፣ መቆንጠጫውን እንደነበረ መለሰች።

አጣቢው ነው፤ ጃኬቱን ረስቶ።

«ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ነው» አለችው ምንም ሳይጠይቃት።

በማግስቱ ሻዩ ተቀዳ። ዳኛዋ ዓይኗን ተኳኩላ ነበር።

«እኔ ወንድምየው ላይ ፈርጃለሁ» አለች አንባቢዋ። «ርስቱን ብቻውን ሊወርስ ነው።»

«እኔ ደግሞ» አለች አዲሷ ቀስ ብላ፣ «የሚስትየዋ ሞግዚት ትመስለኛለች። በየማታው የእጅ ውሃ ይዛ ትገባለች፣ ጽዋም ታነሣለች፤ ሻማ ሠሪዋ ራሷ እስካሁን አላናገረቻትም። ለሚስትየዋ ስትል ያደረገችው ይመስለኛል።»

ዳኛዋ ለቅሶ ቤት እንዳለች ሰው በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ አዝናለሁ» አለች፤ «ገዳዩ በር ጠባቂው ነው።»

«ምክንያትሽ?»

«ምክንያትማ! የገዛ ልጁ ሜዳ ላይ ሲጣል እያየ ዝም የሚል አባት አለ? ወልዶ፣ ለሰው ሰጥቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ በር ቆሞ በሩቁ ሲያየው ኖረ። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ትፈልጋላችሁ?» የድምጿ ማማር ራሷን አስደሰታት።

አንባቢዋ ስኒዋን አስቀመጠች። አዲሷ አፏን ልትከፍት ብላ መልሳ ዘጋችው። አንባቢዋ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ መቆንጠጫውን አነሣች፣ ጀመረች። በር ጠባቂው ወደቀ። የገደልኩት እኔ ነኝ አለ። ዳኛዋ ወገቧን ይዛ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ቅዳሜ እጇ ገባ። አንባቢዋ ቀጠለች፦ «ልጁ የእኔ ነው፤ ይህንንም ከእኔና ከፈጣሪ በቀር በዚህ ምድር ላይ አንድም ሰው...»

እዚያ ላይ ድምጿ ቆመ። አጣቢውም ውሃውን ዘግቶ ነበርና ቤቱ ጭው አለ። ዳኛዋ ገባት፤ ማወቅ የማይገባትን አውቃለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

«እኔም እኮ» አለች አዲሷ ተሽቀዳድማ፣ «እኔም ልጁ የእሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ትንሽ ጠርጥሬ ነበር።»

«አልጠረጠርሽም፤ ተይ» አለቻት አንባቢዋ። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞረች። «እህት ዓለም፣ ከፍተሽዋል?»

«መቆንጠጫው ላላ ብሎ ነበር።»

«ከፍተሽዋል ወይ ነው የምልሽ።»

ልጅቱ ልትሸፍንላት መሞከሯ ነው የቀረውን ትዕግሥቷን የጨረሰው። ስድብ ይሻላት ነበር። «አዎ ከፈትኩት!» አለች ዳኛዋ፤ «ቀናሁ፣ ቀንቼ ነው የከፈትኩት! ቅዳሜዬን ወሰደችብኝ። ያ ሰውዬ ሲሄድብኝ አላየሁም፤ ሸሚዙን እያጠብኩ አላየሁም። አሁን ግን ዓይኔ እያየ ነው የምትሄጂብኝ። ቆሜ እያየሁ!»

«እኔ የትም አልሄድኩም» አለች አንባቢዋ። «መጽሐፍ ሻጩ ጋ ነው የሄድኩት።»

«ከእሷ ጋር!»

«ከማን ጋር ልሂድ? አሸናፊና አንባቢ ብቻ ያለችው ማን ናት?»

ዳኛዋ የሽርጧን ማሰሪያ ጎተተች።

«ያቺ ቁልፍ ሰፊዋ እዚህ ስትሠራ እንዳትከተለን ብለሽ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ስትጠብቀን ‹ሕግ ሕግ ነው› አልሻት። እኔም ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አንድም ቀን ሁለተኛ አልጠየቀችንም፤ በሌላ ወር ሥራ ቀየረች። አሁን አንቺ ላይ ሲደርስ ነው ግፍ የሆነው?» አንባቢዋ ወደ መስታወቱ አመለከተች። «ባለፉት ቅዳሜዎች ማዕዘኑ ጋ ስደርስ ዞር እያልኩ ሳይሽ ነበር። ‹ቆዩኝ› የምትይ መስሎኝ። አንቺ ግን መጋረጃውን ትጎትቻለሽ።»

አዲሷ እግሯን እያየች «ያወጣው ሰው አይሽረውም?» አለች።

ይህን ማለት እንዴት ቀላል ነው! ሕጉ ካለ ዳኛዋ አንድ ቀን ታሸንፍና ጓደኛዋን ለብቻዋ መልሳ ታገኛለች። ከተሻረ ግን ያ ቅዳሜ፣ ሁለት ሰው ብቻ የነበረበት ቅዳሜ፣ ለዘላለም አለቀለት። «ሕግ ሕግ ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ ካውያዋንም አነሣች።

አንባቢዋ የቀረውን ጨረሰች። በር ጠባቂው የወደቀው ገዳይ ሆኖ አይደለም፤ ልጁ የገደለ መስሎት ሊሞትለት ነው። ዳኛዋ ያልገለጠችው ገጽ ላይ ሻማ ሠሪዋ «ተነሥ፤ አልገደልክም» ትለዋለች። የገደለችው ሞግዚቷ ናት።

«ማን ገደለው?» አለ አጣቢው ከማሽኑ ዘንድ፣ አንድም ነገር እንዳልሰማ ሆኖ።

ዳኛዋ «ሞግዚቷ» አለችው። «አዲሷ አገኘቻት።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሁለቱ ወጡ። ዳኛዋ መስታወቱ ጀርባ ቆማ ቀረች፤ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛለች። ሲሻገሩ አየች። ሲያወሩ አየች፤ አዲሷ በእጇ አየሩ ላይ የሆነ ነገር ስትስል አንባቢዋ ከት ብላ ሳቀች፤ የዳኛዋ ደም ፈላ። አንባቢዋ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ እንደ ሰሞኑ ዞር ብላ ታይ እንደሆነ ዳኛዋ ጠበቀች። አላየችም። ቀጥ ብላ መራመዷን ቀጠለች።

ያኔ ነው በሩን በርግዳ የወጣችው። ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። መሃል መንገድ ላይ ቆማ «ቆዩኝ!» ብላ ጮኸች፤ መኪና ጡሩንባውን ነፋባት። «ሕጉ ተሽሯል! ሰማችሁ? ተሽሯል!» መንገደኛው ሁሉ የምን ሕግ ነው እያለ ዞሮ አያት። ሁለቱ ማዕዘኑ ላይ ቆሙ።

ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። አንባቢዋ ምንም ሳትል ሽርጧን ፈትታላት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። አዲሷ በአንድ በኩል ቦታ ልትለቅላት ፈቀቅ አለች፤ ዳኛዋ ግን ዳር መሄድን አልፈለገችም። መሃላቸው ገባች፤ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ክንዷ ያዘች። አዲሷ ለአንባቢዋ አንድ ነገር ልትነግር አንገቷን ስታሰግግ ዳኛዋም አብራ አሰገገች፤ አንባቢዋ ስትመልስ እንደገና። አሁንም ትቀናለች። የምትቀናው ግን ክንድ ለክንድ ተያይዛ ነው።